በዋቅላሚ ስለሚጠራ የባሕር ውሃ ገንዳ



ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ነገር ግን ጥሩ ውሃ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አብዛኛው ሰው የሚመልሰው ዐይኑ እንደ ፈረደለት ነው። ያልደፈረሰ፥ ጉድፍ ያልታየበትና ሽታ የሌለው ውሃ ሁሉ ጥሩ ይባላል። ይህ ፍርድ ለመጠጥ ውሃ እንኳ እንደማይበቃ የጤና አጠባበቅ አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣና ኮራል ለሚያኖር ሰው ግን ፍርዱ ከነአካቴው አይረባውም፤ እጅግ የጠራ የሚመስለው ውሃ ለዐይን በማይታይ የሟሟ ነገር ተሞልቶ፥ በውስጡ የሚኖረውን ፍጥረት ቀስ በቀስ ሊያጠፋው ይችላልና።

የዚህ ንግግር ጉዳይ፥ ያ የማይታይ ጭነት ወደ ገንዳው ከየት እንደሚገባና በዋቅላሚ አማካይነት እንዴት እንደሚወጣ ማስረዳት ነው። ዋቅላሚ የሚባለው፥ ብዙ ጊዜ በውጭ ስሙ አልጌ የሚባለው፥ እውነተኛ ሥርና አበባ የሌለው፥ በውሃና በርጥብ ቦታ በብርሃን ኃይል የሚያድገው ፍጥረት ነው። በወንዝ ድንጋይ ላይ እግር የሚያዳልጠው አረንጓዴ ልባስም፥ በባሕር ዳር እንደ ሣር የሚወዛወዘውም ከዚሁ ወገን ይቈጠራሉ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የጭነቱን ምንጭ መመርመር ይገባል። ዓሣ የሚበላው ምግብ በብዛት ፕሮቲን ነው፤ በፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅን የተባለው ንጥረ ነገር ከመቶ 16 እጅ ያህል ይገኛል። ዓሣው ከበላው ጥቂቱን ሥጋ ያደርገዋል፤ የቀረውን ናይትሮጅን በተለይ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ሳይበላ ወድቆ የሚበሰብሰው ፍርፋሪም መጨረሻው ይኸው አሞኒያ ነው። አሞኒያ ለዓሣ በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ነው። ደግነቱ ግን በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የእነዚህን ባክቴሪያዎች ሥራ በ1890 ገደማ የገለጠው ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። ናይትሬት እንደ አሞኒያ ቶሎ አይገድልም። ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ መልኩን ለወጡት እንጂ ከገንዳው አላወጡትም፤ በየቀኑ እየተጨመረ ይከማቻል። ከምግቡ ጋር የሚገባው ፎስፈረስም ፎስፌት ሆኖ እንዲሁ ይጠራቀማል።

ነገሩ በቍጥር ቢታይ ይበልጥ ይገለጣል። 200 ሊትር የባሕር ውሃ በያዘ ገንዳ ውስጥ በየቀኑ 2 ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ ይጣላል እንበል። ከዚህ ውስጥ 0.9 ግራሙ ፕሮቲን ቢሆን፥ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 0.144 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 0.64 ግራም ያህል ናይትሬት ይወጣዋል። ለ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 3.2 ሚሊግራም ይደርሳል። የአንድ ቀን ጭማሪ ምንም አይመስልም፤ በ30 ቀን ግን በሊትር 96 ሚሊግራም ይሆናል። ኮራል በሚያድግበት ንጹሕ ባሕር ውስጥ ያለው ናይትሬት ብዙውን ጊዜ በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው። ከምግቡ ከፊሉ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀር፥ ከፊሉም በሌላ መንገድ ስለሚወጣ እውነተኛው ቍጥር ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም የነገሩ አካሄድ ያው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ ጠባቂው አንዳች ለውጥ ሳይታየው ገንዳው ከባሕርነት ወደ ማጠራቀሚያነት ይለወጣል።

ተክልና እንስሳ በአንድ ዕቃ ውስጥ እየተረዳዱ ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1771 በእንግሊዝ አገር፥ ሻማ ነድዶ በጠፋበት የተዘጋ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኑሮ፥ ከቀናት በኋላ አየሩ እንደገና ሻማ የሚያነድ ሆኖ አገኘው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የሎንዶን የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ፥ ወርቃማ ዓሣዎችን፥ የውሃ ውስጥ ሣርንና ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፥ ውሃው ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ጤነኛ እንደ ሆነ በ1850 ለሊቃውንት አስታወቀ። ሣሩ ለዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይበላል፤ የእንስሳቱ ጕድፍ ደግሞ ሣሩን ያሳድጋል። ጥቂት ቆይቶም ይህንኑ በባሕር ውሃ ሞከረው። በ1853 በሎንዶን የአራዊት ማቆያ የመጀመሪያው ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ ባሕር ገንዳ የጻፈው መጽሐፍ ሲታተም፥ በብዙ ሰው ሳሎን ውስጥ የመስተዋት ገንዳ ማየት የተለመደ ሆነ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተነገረው የሚዛን ትምህርት አንድ ነገር ጐድሎት ነበር። ሚዛኑ የሚጸናው ከውጭ ምንም ሳይጨመር ሲቀር ነው። ባለቤቱ በየማለዳው የምግብ ቍንጥር ይጥላል፤ ከገንዳው የሚያወጣው ነገር ግን የለም። ገቢ እንጂ ወጪ የሌለበት መዝገብ ደግሞ ሊመዛዘን አይችልም። የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ይህን ትርፍ በመጠኑ ይታገሠዋል። የባሕር ኮራል ግን አይታገሠውም፤ ምክንያቱ በትውልድ ቦታው ይገኛል።

ኮራል የሚኖርበት ሞቃት ባሕር እጅግ የጠራ፥ በንጥረ ምግብ ረገድም እጅግ ድኻ ነው። ለአፍሪካ ቀንድ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ለዚህ መልካም ምስክር ይሆናል። የሕይወት ሳይንስ ሊቅ የነበረው አሜሪካዊው ጎርደን ሳቶ፥ በኤርትራ ጠረፍ በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ የማንግሮቭ ዛፍ ለመትከል ሲነሣ፥ ዛፉ በዚያ ጠረፍ የሚበቅለው የክረምት ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ሥፍራ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ጎርፉ ከምድር የሚያመጣው፥ የባሕሩ ውሃ ግን በበቂ የሌለው ነገር ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ተረዳ። እነዚህን ሦስቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠ ባዶ በነበረው ዳርቻ ላይ ዛፉን አጸደቀው። እንግዲህ በአንድ በኩል የቀይ ባሕር ውሃ ዛፍ የማያበቅል ድኻ ሆኖ ሳለ፥ በሌላ በኩል በዚሁ ባሕር ውስጥ በዓለም ከታወቁት የኮራል ሰፈሮች አንዱ ይገኛል። ኮራል በዚህ ድኽነት የሚበለጽገው፥ በገዛ ሥጋው ውስጥ እጅግ ረቂቅ የሆኑ ዋቅላሚዎችን አስጠልሎ ስለሚኖር ነው። እርሱ የሚጥለውን እነርሱ ይመገባሉ፤ እነርሱ በፀሐይ ብርሃን የሠሩትን ስኳር እርሱ ይካፈላል። በመካከላቸው የሚባክነው ጥቂት ነው። ውሃው በናይትሬትና በፎስፌት ሲጠግብ ግን ይህ ጉርብትና ይናጋል፤ በዙሪያው ያሉት ሌሎች ዋቅላሚዎች በፍጥነት አድገው ብርሃኑንና ሥፍራውን ይቀሙታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ትርፉን ንጥረ ምግብ የሚሻማው ዋቅላሚ በኮራሉ ላይ እንዳይበቅል፥ ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶለት በዚያ ቢበቅልስ? ይህን ጥያቄ ወደ መሣሪያ የለወጠው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም የባሕር ተመራማሪ የነበረው ዋልተር ኤዲ ነው። ኤዲ በካሪብያን ባሕር የኮራል ሰፈሮችን ሲያጠና፥ ማዕበል በሚመታው ድንጋይ ላይ እንደ ሣር መስክ አጭር ሆኖ የሚበቅል፥ ከብዙ ዐይነት ዋቅላሚ የተደባለቀ ምንጣፍ ተመለከተ። ምንጣፉ ሲያዩት ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ዓሣና የባሕር ጃርት ቀን ከሌት እየጋጡት ወዲያው መልሶ የሚያቆጠቍጥ ነው። ቀጭን ሆኖ የሚታየው ዕድገቱ አንሶ ሳይሆን ሁልጊዜ ስለሚጋጥ ነው። በ1980 በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ሕያው የኮራል ሰፈር ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ፤ ውሃውንም የሚያጠራው በዚሁ አሳብ የተሠራ የዋቅላሚ ማጣሪያ ነበር። በ1982 ኤዲ ለመሣሪያው የፈጠራ መብት ተሰጠው።

የመሣሪያው አሠራር ማንም የእጅ ሥራ አስተማሪ ሊረዳው የሚችል ነው። ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ሳንዱቅ ይዘጋጃል፤ በውስጡም እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሻካራ ፕላስቲክ ይዘረጋል። በላዩ ብርቱ መብራት ይሰቀላል። ፓምፕ ከገንዳው ውሃ እየሳበ በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ባልዲ ውስጥ ይጨምራል፤ ባልዲው ሲሞላ በገዛ ክብደቱ ይገለበጥና ውሃውን እንደ ማዕበል በወንፊቱ ላይ ይለቅቀዋል፤ ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይቆማል። ውሃው በሌላው ወገን ወደ ገንዳው ይወርዳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወንፊቱ ቡናማና አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል። ኋላ የመጡ ሰዎች ባልዲውን ትተው፥ ውሃው ቀጥ ብሎ በተሰቀለ ወንፊት ላይ እንዲንቈረቈር አድርገውታል፤ ሌሎችም ወንፊቱን በውሃ ውስጥ አቁመው ከሥሩ የአየር አረፋ ይለቅቁበታል። መልኩ ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው።

ሕጉም እንዲህ ነው። ብርሃን ሊበረታ ይገባዋል፤ የዋቅላሚ ጕልበት ሁሉ ከእርሱ ነውና። ውሃው ዝም ብሎ የተኛ መሆን የለበትም። በማንኛውም በውሃ ውስጥ ባለ አካል ዙሪያ የማይንቀሳቀስ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራል፤ ዋቅላሚው በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለውን ንጥረ ምግብ ከጨረሰ በኋላ አዲሱ ቶሎ አይደርሰውም። ማዕበሉ ያንን ሽፋን እየገፈፈ አዲስ ምግብ ያቀርብለታል፤ ክሮቹንም እያወዛወዘ ሁሉም በየተራው ብርሃን እንዲያገኝ ያደርጋል። ደግሞም ዋቅላሚ አሞኒያን ቀጥታ ስለሚወስድ፥ ናይትሬት እስኪሆን አይጠብቅም። ከአሞኒያና ከፎስፌት ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስባል፥ ኦክስጅንንም ይመልሳል።

ከዚህ የሚገኝ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። በሌሊት የገንዳው መብራት ሲጠፋ፥ በገንዳው ያለ ፍጥረት ሁሉ ኦክስጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ውሃውም ወደ አሲድነት ያዘነብላል። የማጣሪያው መብራት ገንዳው በጨለመበት ሰዓት ቢበራ ግን፥ ዋቅላሚው የሌሊቱን ጕድለት ይሞላል። ስለዚህ ብዙ ጠባቂዎች የማጣሪያውን ቀን ከገንዳው ሌሊት ጋር ያገጥሙታል።

እዚህ ላይ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይገኛል። ዋቅላሚ ንጥረ ምግብን አያጠፋም፤ ከውሃው ለቅሞ በአካሉ ውስጥ ያከማቻል። በወንፊቱ ላይ እንዳለ ቢተው፥ የላይኛው ሽፋን የታችኛውን ያጨልምበታል፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ያከማቸውንም ሁሉ ለውሃው ይመልሳል። በውስጡ የሚፈለፈሉ ጥቃቅን እንስሳትም ይበሉትና በፈንታቸው አሞኒያ ይጥላሉ። ስለዚህ ወንፊቱ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል፤ በጣፋጭ ውሃ ይታጠባል፤ ዋቅላሚውም በጠፍጣፋ ነገር ይፋቃል። ሥር የያዘው ቀጭን ልባስ ለመጪው ዘር እንዲሆን ይቀራል። ማጣሪያ የሚባለው እንግዲህ ወንፊቱ፥ መብራቱና ፓምፑ ብቻ አይደሉም፤ የሚያጭደው እጅ ካልታከለበት ሁሉም ከንቱ ድካም ነው። በባሕር ይህን የሚፈጽሙት ዓሣውና የባሕር ጃርቱ ናቸው፤ በገንዳ ግን ሥራው የጠባቂው ነው።

የአጨዳውን መጠን በቀድሞው ምሳሌ ማስላት ይቻላል። በየቀኑ የሚገባው ናይትሮጅን 0.144 ግራም ነበር። ደረቅ ዋቅላሚ ከመቶ 3 እጅ ናይትሮጅን አለው ብንል፥ ይህን ሁሉ ለመሸከም በቀን 4.8 ግራም፥ በሳምንት 33.6 ግራም ደረቅ ዋቅላሚ ያስፈልጋል። ከርጥቡ ከመቶ 90 እጁ ውሃ ቢሆን፥ በሳምንት የሚታጨደው 336 ግራም ርጥብ ዋቅላሚ፥ ማለት ከኪሎ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። መልካም ብርሃን ያለው ወንፊት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 10 ግራም ደረቅ ቢያፈራ፥ ለዚህ ገንዳ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል እርሻ ይበቃዋል። እንግዲህ ሁለት ቍንጥር የዓሣ ምግብ ምን ያህል አዝመራ እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል። ጠባቂው እርሻውን ማስፋት ቢያቅተው ምግቡን መቀነስ ይችላል፤ ሦስተኛ መንገድ ግን ሒሳቡ አይፈቅድለትም።

የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምጣኔም መታሰብ አለበት። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፥ በውቅያኖስ የሚንሳፈፈው ረቂቅ ሕይወት ለአንድ አቶም ፎስፈረስ 16 ያህል አቶም ናይትሮጅን እንደሚይዝ አሳየ። ድንጋይ ይዘው የሚያድጉት የባሕር ዋቅላሚዎች ግን ለአንድ ፎስፈረስ 30 ያህል ናይትሮጅን እንደሚይዙ አትኪንሰንና ስሚዝ በ1983 ገለጹ። ከዚህ የተነሣ በአንዳንድ ገንዳ ናይትሬቱ ጨርሶ ሲያልቅ ፎስፌቱ ይተርፋል፤ ዋቅላሚውም አንዱ ስለ ጐደለው ሌላውን መውሰድ ያቆማል። ይህን ያላወቀ ጠባቂ መሣሪያው ተበላሸ ይላል፤ ያወቀ ግን የጐደለውን ይመረምራል።

ለዋቅላሚ የሚቀርበው ምስጋና ሚዛኑን እንዳያልፍ፥ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው በ1961፥ ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይንና ጥቂት የአየር አረፋን ብቻ በመጠቀም የባሕር ፍጥረትን ማኖር እንደሚቻል አሳወቀ። በዚህ ዐይነቱ ድንጋይ ጕድጓዶች ውስጥ፥ ኦክስጅን በማይደርስበት ሥፍራ፥ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር የሚሰድዱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፎስፌትን ግን እንዲህ ሊያተንኑት አይችሉም። ሌላው ዘዴ የአረፋ ማጣሪያ ነው፤ ብዙ ረቂቅ አረፋ በውሃ ውስጥ እየነዳ፥ ጕድፉ ወደ አሞኒያ ሳይፈርስ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ እንዲገፈፍ ያደርጋል። ሦስተኛው ዘዴ የገንዳውን ውሃ በየጊዜው በከፊል መለወጥ ነው። የዋቅላሚ ማጣሪያ ደግሞ የራሱ ጕድለት አለው። ዋቅላሚው የሚያንጠባጥበው የሟሟ ነገር ውሃውን ወደ ቢጫነት ይለውጠዋል፤ ይህን ለማንጣት የከሰል ማጣሪያ ይጨመራል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበትን ካልሲየምም ዋቅላሚ አይሰጥም፤ ለብቻው መታከል ይኖርበታል።

ትልልቅ ሥራዎችም ይህንኑ መስክረዋል። በአውስትራሊያ በታውንስቪል ከተማ በ1987 የተከፈተው ታላቅ የኮራል ገንዳ ሲመሠረት ውሃውን ያጠራው የነበረው በዋቅላሚ ማጣሪያ ነበር፤ ልምድ ሲገኝ ግን ሌሎች ዘዴዎች ታከሉበት። በአሜሪካ በአሪዞና ምድረ በዳ የተሠራው ባዮስፌር 2 የተባለው የመስተዋት ሕንጻ ደግሞ ከ1991 እስከ 1993 ድረስ ስምንት ሰዎችን ለሁለት ዓመት ዘግቶ ሲያኖር፥ 850 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ውቅያኖስ ከነኮራሉ በውስጡ ነበረው። ከማጣሪያዎቹ የዋቅላሚ ወንፊቶች ይገኙባቸው ነበር፤ ነዋሪዎቹም ከእርሻቸውና ከጥናታቸው በተጨማሪ ያንን ዋቅላሚ በእጃቸው ያጭዱ ነበር። በሕንጻው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛ ጊዜ ውሃው ወደ አሲድነት ስላዘነበለ፥ ማረሚያ ሊጨምሩበት ግድ ሆነባቸው። ማንም ዘዴ ብቻውን ባሕርን እንደማይተካ ከዚህ መማር ይቻላል።

አጫጁ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ግን ከማንኛውም ገንዳ ይበልጥ ያስተማረው ባሕሩ ራሱ ነው። በ1983 በካሪብያን ባሕር፥ መጀመሪያ በፓናማ ዳርቻ፥ ረጅም እሾህ ያለው ጥቍር የባሕር ጃርት በድንገት ማለቅ ጀመረ፤ ሕመሙ በአንድ ዓመት ገደማ በአካባቢው ተዛምቶ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነውን ፈጀው። በጃማይካ ዋቅላሚ የሚበሉት ዓሣዎች አስቀድመው በአጥማጆች ብዛት ተመናምነው ነበር፤ በ1980ም ብርቱ አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባብሮት ነበር። ጃርቱ ሲያልቅ የሚግጥ አልተገኘም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከድንጋዩ ገጽ ከግማሽ በላይ ይሸፍን የነበረው ኮራል፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 5 እጅ በታች ሆነ፤ ዋቅላሚው በአንጻሩ ከመቶ 4 ተነሥቶ ወደ 92 እጅ ደረሰ። ይህ አደጋ ለአፍሪካ ቀንድም ሩቅ አይደለም። በ2023 በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፥ በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ፥ የዚሁ ወገን የሆነው የባሕር ጃርት በብዛት ሲያልቅ ታየ። በወንፊት ላይ ሲታጨድ ገንዳውን የሚያጠራው ዋቅላሚ፥ የሚግጠው ሲያጣ የኮራሉን ሰፈር ይወርሳል።

የታጨደው ዋቅላሚ የት ይጣላል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለው ውብ አረንጓዴ ዋቅላሚ በገንዳ ጠባቂዎች ዘንድ ተወዳጅ ነበር። በ1984 ከሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ፊት ለፊት በባሕሩ ወለል ላይ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሜድትራኒያን በሺህ የሚቈጠር ሄክታር ሸፍኖ ነበር። በ2000 በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ታየ፤ በዚያ ግን ወዲያው በሸራ ተሸፍኖ በክሎሪን ተመታ፤ በ2006ም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነገረ። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ዋቅላሚ ወደ ባሕር፥ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ አይጣልም፤ ደርቆ ማዳበሪያ ይሁን ወይም ይቃጠል።

ባሕር ለሌለው አገር ተማሪ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ ጣና ሐይቅን ይመልከት። በ2011 እንቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። እንቦጭ ዋቅላሚ ባይሆንም የሚያደልበው ያው ከእርሻና ከከተማ በጎርፍ የሚወርድ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ገበሬዎችና ተማሪዎች ወደ ውሃው ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት የፈጸሙት የገንዳውን ጠባቂ ሥራ ነበር። የተነቀለው ከዳር ተከምሮ ቢበሰብስና ጎርፍ ቢመልሰው ግን፥ ያከማቸው ሁሉ ተመልሶ ለሐይቁ ይገባል። መውጣት ያለበት ከውሃው ብቻ ሳይሆን ከውሃው መንገድም ጭምር ነው።

አስተማሪ ይህን በክፍሉ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ ሊያሳይ ይችላል። ሦስት እኩል ማሰሮዎች ወይም ሰፋ ያሉ ጠርሙሶች በኩሬ ውሃ ይሞሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል ቍንጥር ማዳበሪያ ይጨመር፤ ሻካራ ገመድ ወይም የጨርቅ ቍራጭም ይንጠልጠል። አንዱ በጨለማ ይቀመጥ፤ ሁለቱ በመስኮት ብርሃን ይሁኑ። ከሁለቱ የአንደኛው ጨርቅ በየሳምንቱ እየተፋቀ፥ የተፋቀው ደርቆ ይመዘን፤ የሁለተኛው ሳይነካ ይቆይ። ተማሪዎቹ ከስምንት ሳምንት በኋላ የሦስቱን ውሃ ቀለም፥ ሽታና የጨርቁን ሁኔታ በመዝገብ ላይ ያስተያዩ። የሚዛኑም ቍጥር በየሳምንቱ ሲደመር፥ ከማሰሮው የወጣው ምን ያህል እንደ ሆነ ተማሪው በገዛ እጁ ያገኘዋል። በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ሒሳብ፥ ኬሚስትሪ፥ የዕፀዋት ትምህርትና የእርሻ ትምህርት አብረው ይገኛሉ።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ሳይንስን የሚማር ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ፥ ነገር ቦታና መልክ ይለውጣል እንጂ ከንቱ ሆኖ እንደማይቀር ነው። በገንዳው ላይ የተጣለችው የምግብ ቍንጥር ዓሣ፥ አሞኒያ፥ ናይትሬት፥ ዋቅላሚ ሆና ትዞራለች፤ እጅ አንሥቶ እስኪያወጣት ድረስም ከዚያ አትጠፋም። ይህን የተረዳ ተማሪ፥ የጠራ ውሃ ባየ ጊዜ ምን ገባበት፥ ምንስ ወጣለት ብሎ መጠየቅን ይለምዳል። ያ ልጅ ነገ ገበሬ ቢሆን በማሳው፥ የከተማ ሹም ቢሆን በከተማው ፍሳሽ፥ ዓሣ አስጋሪ ቢሆን በሐይቁ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄውን በልቡ የሚተክለው ግን ዛሬ በክፍል ውስጥ የቆመው አስተማሪ ነው።